የበረደው እግር

የግዛው ሬሳ ገና ሳይገነዝ ታናሽ ወንድሙ ሞልቱ ቀብሩን አስቆመ። መካኒሳ አቦ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት፣ ወንድሜ ተመርዟል ብሎ ጣቱን በሟች ሚስት በውብነሽ ላይ ቀሰረ። ከዚያ ወዲያ ከውብነሽ ጎን የተቀመጡት ሴቶች አንድ በአንድ እየተነሡ ሌላ ቦታ ያዙ።

ኢንስፔክተር ማኑሄ የመጣው በእግሩ ነው። የጣቢያው መኪና ቤንዚን አልነበረውም። ሬሳውን ለምርመራ የሚወስደው መኪናም መቼ እንደሚገኝ የሚያውቅ ጠፋ። ማኑሄ ፕራግ ሲማር የላቦራቶሪ ውጤት ታሽጎ ጠረጴዛው ድረስ ይመጣለት ነበር። እዚህ ያለው ዓይኑና የእጅ ባትሪው ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተማረው ነገር ለዚህ አገር ይረባ እንደሆን ከተመለሰ ጀምሮ ይጠራጠራል። አለቃው ግን ነገሩን አሳጥሮለታል፤ እስከ ማታ መልስ ካልተገኘ ሴትዮዋን ይዞ ይምጣ።

ሟቹ የተኛበት ክፍል ገብቶ ብርድ ልብሱን ገለጠ። የሟቹ ቀኝ እግር ከጣቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል። የግራው ደህና ቢመስልም ቅልጥሙ ላይ አንድ ፀጉር አልቀረም፤ ቆዳው ሰም የተቀባ ይመስል ያብረቀርቃል። የቀኝ እጁ ጣቶች በሲጋራ ቢጫ ሆነዋል። ማኑሄ ተንበርክኮ የጠቆረውን እግር መርገጫ በባትሪ አየ። እዚያ ያለው ቁስል ተረከዙ ላይ ሰፋ ብሎ ወደ ጣቶቹ ሲሄድ ይሾላል። አንሶላውም ግርጌው ላይ ቡናማ ሆኗል።

መጀመሪያ ያነጋገረው ቤት ለቤት እየዞረ መርፌ የሚወጋውን አህመድን ነው። አህመድ ላብ አጥምቆታል።

«እኔ የስኳሩን መርፌ ሆዳቸው ላይ ነው የምወጋቸው። እሱንም ሲፈቅዱልኝ ነው። ጾም በገባ ቁጥር ‹ዛሬ ሂድ፣ ባዶ ሆዴን ነኝ› ብለው ይመልሱኛል። ስኳሩ ጾም አያውቅም ጋሽ ግዛው፣ ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ ብላቸው ሳቁብኝ።»

ውብነሽ ደግሞ ማልቀሱንም ትታዋለች። ሐኪሙ እግሩ ካልተቆረጠ ይሞታል ማለቱን፣ እሷ ይቆረጥ ብላ ባሏ እግር ላይ ወድቃ መለመኗን፣ ሞልቱ ግን ወንድሜ ጎደሎ ሆኖ አይቀበርም ብሎ ማስከልከሉን ነገረችው። እሷ የቀባችው ከመድኃኒት ቤት የተገዛውን ቅባት ብቻ ነው። ማኑሄ ከመታመሙ በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበር ጠየቃት።

«ሹፌር ነበር፣ አሰብ የሚመላለስ። ቀና ብሎ ሰው የማያይ ኩሩ። አምና ግን ሰላምተኛ ሆነብኝ። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያገኘውን ሁሉ እያቆመ የልጅ የከብቱን ደህንነት ሳይቀር ይጠይቃል። እግዜር ልቡን አለዘበልኝ ብዬ ነበር።»

«ቆሞ ነው ሰላም የሚለው?»

«ቆሞ፣ አጥር ተደግፎ። ባቱን እያሸ።»

ሞልቱ ነፋስ ስልክ የልብስ ስፌት ቤት አለው። ሲጋራ ለኩሶ መጣና ለማኑሄም ጋበዘው።

«እሷ ይቆረጥ ስትል እኔ ብርዱን ላወጣለት ስደክም ከረምኩ» አለ። «ወንድም ጋሼን ሐኪም ቤት የወሰድኩት እኔ ነኝ። እዚያው በፊቴ ነው ሐኪሙ ብርድ መሆኑን የነገረን።»

ማኑሄ ተበሳጭቶ ወጣ። በዚህ ከተማ ወገብም ሲያም ብርድ ነው፤ ሆድም ሲነፋ ብርድ ነው። እንዲህ ያለ ምስክርነት ጽፎ ለማን ይሰጣል? አጥሩ ሥር ቆሞ ‹ብርድ› የሚለውን ቃል በንዴት ሲደጋግመው ግን ያ ጫፉ የሾለ ቁስል ትዝ አለው። ተመልሶ ገባና አልጋው ሥር በባትሪ አበራ። በአሮጌ ጋቢ የተጠቀለለ ነገር ወደ ውጭ ሳበ።

ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«መርዝ ነበር» ሲል ውብነሽ ዓይኗን ጨፈነች። «ግን ከራሱ እግር ተነሥቶ በደሙ የተሠራጨ መርዝ ነው። ሰው ያበላው መርዝ አንድ እግር ብቻ መርጦ አያጠቁርም። ግዛው ሰላምተኛ አልሆነም ነበር፤ መራመድ አቅቶት ነበር። ሲጋራውና ስኳሩ ተባብረው የእግሩን የደም ሥሮች እያጠበቡ ባቱን ሲያመው፣ ኩሩ ስለሆነ ሰው እንዳያውቅበት ቆሞ ጤና ይስጥልኝ ይላል። መርፌውን በጾም ሲያቋርጥ ባሰበት። እንዲህ ያለ እግር ደም ስለማይደርሰው ቀዝቃዛ ነው።» ወደ ሞልቱ ዞረ። «ሐኪሙ ምን ነበር ያለው? ቃሉን እንዳለ ንገረኝ።»

«‹እግሩ በርዷል› ነው ያለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ስለ ደም ምናምን... በፈረንጅኛ ቀላቅሎ...»

ማኑሄ ጋቢውን ፈታ። የልብስ ስፌት ቤት የከሰል ካውያ ነው፤ ፊቱ ሹል፣ ኋላው ሰፊ። ውብነሽ እንዲህ ያለ ዕቃ በቤቷ እንደሌላት ተናገረች፤ ቁስሉንም መጀመሪያ ያየችው ከኪዳን ጸሎት ስትመለስ ነበር። እሷ በሌለችበት ሕመምተኛው አጠገብ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ ማኑሄ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ሞልቱ ካውያውን ሲያይ ሲጋራው ከንፈሩ ላይ እንዳለ መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

«ጠየቅኩት እኮ» አለ። «‹ወንድም ጋሼ፣ ይፋጅሃል?› አልኩት። ‹ኧረ ሙቀቱም አልተሰማኝ፣ ከሰል ጨምርበት› አለኝ። እኔም ጨመርኩ።»

ስኳሩ የእግሩን ስሜት አስቀድሞ እንደገደለው ማኑሄ ሊያስረዳ አሰበና ካውያውን መልሶ በጋቢው ጠቀለለው። ሞልቱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰንሰለቱን ይጠብቃል። ማኑሄ ግን ወንድሙን ሊያሞቅ ሲል ያቃጠለውን ሰው በምን ስም ከስሶ አለቃው ፊት እንደሚያቀርበው አላወቀም። መልሱን ማግኘቱ ራሱ አናደደው፤ ሐኪሙንም አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጨርሶ ባለመናገሩ የሚከስ ሕግ አልተጻፈም።

ከውብነሽ ጎን ተነሥተው የነበሩት ሴቶች መመለስ ጀመሩ። እሷ ግን አልፋቸው ሄዳ ሞልቱ ፊት ቆመች። ከንፈሩ ላይ የቀረውን ሲጋራ ነጥቃ ረገጠችው።

«ተነሥ» አለችው። «አስከሬኑን በአንድ በኩል የምትሸከመው አንተ ነህ።»