ጊዜዋ ተሸካሚው

አስማረ አንዲት ቃል ካመለጠችው አለቀለት።

ቅዳሜ እኩለ ቀን፤ የወገዳ ገበያ ጢም ብሏል። እሱ ከጨው ተራው ጥግ ቆሟል። ብብቱ ስር በጉሎ ቅጠል የተጠቀለለ የጊዜዋ ሥር ይዟል። በአገሩ ደንብ ጊዜዋ ነቅሎ የሚሄድ ሰው ቤቱ ደርሶ መድኃኒቱን እስኪያስቀምጥ አይናገርም። ሰላም ቢሉትም አይመልስም። ሰዉም ጥቅሉን ሲያይ መንገድ ለቆለት ያልፋል። ለሰላይ ከዚህ የተሻለ መሸሸጊያ ከየት ይመጣል?

ከሥሮቹ መካከል አርባ ገጽ ወረቀት አለ።

የጻፈው ሕንዳዊው ዶክተር ጎፓል ነበር። ደግ ሰው ነበር፣ ምስኪን። ጋይንት ላይ ጊዜዋን ሲያያት እንደ ሕፃን ጮኸ አሉ። ለካ በአገሩ አሽዋጋንዳ የሚሏት፣ አያቶቹ ለድካምና ለእንቅልፍ ማጣት ሲያዟት የኖሩት ዕፅ ራሷ ናት! ሦስት ዓመት ሙሉ ከመድኃኒት አዋቂዋ ከእማሆይ ወለተ ማርያም ጋር ዞረ። ሲነቅሉ አየ፣ መዘነ፣ በሽተኛ እየቆጠረ ጻፈ። ስንቱ እንደሚያድን፣ ስንቱ እንደሚጎዳ ለየ። ከዚያ አንድ የውጭ ኩባንያ ወረቀቱን ለብቻው ፈለገ። ዶክተሩ አልሸጥም አለ፤ ወረቀቱንም ለአስማረ አደራ ሰጠው።

ከአሥራ አምስት ቀን በፊት ሬሳው ገደል ስር ተገኘ።

እንግዲህ የሚያስፈራው ይህ ነው፤ በየገጹ ላይ የእማሆይ ስምና ያሉበት ቦታ ተጽፏል። ዶክተሩን የገደለ እጅ፣ ምስጢሩን የሚያውቁትን ባልቴት በሕይወት አይተዋቸውም።

ትእዛዙ የመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከአለቃው ከሻምበል ዳኛቸው ነው። «ሰርዶ፣ ቅዳሜ ወገዳ። እንዳንተ ጊዜዋ የያዘ ሰው ይመጣል። እማሆይ ራሳቸው ያሠለጠኑት ነው። ሳትነጋገሩ ጥቅል ተለዋወጡ።» ሰርዶ የአስማረ የምስጢር ስሙ ነው። በምድር ላይ ከዳኛቸው በቀር የሚያውቀው የለም።

ዛሬ ካስረከበ ነገ መካነ ኢየሱስ ይሄዳል። እህቱ አማረች እዚያ ነው የተዳረችው። የስለላ ቢሮው «ወንድምሽ ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል» ብሎ ከጻፈላት ሁለት ዓመቱ ነው። ዳኛቸው ከዚህ በኋላ ትለቀቃለህ ብሎታል።



ሰውየው መጣ። ረዥም ነው። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል፤ የጉሎው ጥቅል ከስሩ ብቅ ይላል።

ጨው ነጋዴው ይማም ጥቅሉን አላየም። ሰውየው ገበያተኛ መስሎት «እንደምን ዋልክ ወንድሜ?» አለው።

«እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ እንደምን ዋሉ?» አለ ሰውየው።



ይማም ጥቅሉን ያየው ይኼኔ ነው። «አስተግፊሩላህ! መድኃኒት ይዘህ ትናገራለህ እንዴ? አበላሸኸው እኮ!»

ሰውየውን ያጋለጠው ጨዋነቱ ነው። ትልቅ ሰው ሰላም ሲል ዝም በል ተብሎ ያደገ ማን አለ? እማሆይ የሚያሠለጥኑትን ሰው ወር ሙሉ የሚያስተዉት ይህንኑ ልማድ ነው። አስማረም እሳቸው ዘንድ በሠለጠነበት ወር ስንት ጊዜ ተገሥጿል!

ይህ ሰው እማሆይን አይቷቸው አያውቅም።

አስማረ ሊዞር ሲል ጠንካራ ነገር ጎድኑን ነካው። ሽጉጥ ነው።

«ሰርዶ» አለው ሰውየው በጆሮው። «አምጣ።»

ሰርዶ!

ዳኛቸው ሸጦታል። ወይ ነዶ! የጃንሆይን ደመወዝ እየበላ፣ እሱንም፣ ዶክተሩንም፣ ባልቴቷንም ሸጧል። የእማሆይን መልእክተኛ ምን አድርገውት ይሆን?

«ሻምበል በቅሎ አዘጋጅቶልሃል። አብረን ነው የምንሄደው።»

አብረን። አስማረ ገደሉ ታየው።

ቢሮጥ ጥይት አለ። ቢሰጥ እማሆይ አሉ። ሦስት እርምጃ ያህል ፊት ለፊቱ ሻይ ሻጯ ሰፊያ ምድጃዋን ታራግባለች። ከሰሉ ፍም ሆኗል። አስማረ ሦስቱን የድካም ዓመታት አሰበ። የዶክተሩን ጥቃቅን፣ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ አሰበ። ማረኝ፣ ጎፓል፣ አለ በልቡ።

ጥቅሉን ምድጃው ላይ ወረወረው።

ዓይኑን ጨፈነ። ጥይቱን ጠበቀ።

ጢሱ ተትጎለጎለ።

«ጊዜዋ! ጊዜዋ እየጨሰ ነው!»

በዚያ አገር የጊዜዋ ጢስ ክፉ መንፈስ ያርቃል፤ አይቶት የሚያልፍ የለም። ልጅ ያዘለች ሁሉ ተሯሯጠች። አንድ ሽማግሌ ጋቢውን ገልጦ ጢሱ ውስጥ ገባ።

«እስቲ ፈቀቅ በይ፣ እኔም ልታጠን!»

«ሻዬን! ኧረ ሻዬን ደፋችሁት!» ሰፊያ ትጮኻለች።

ባለ ሽጉጡ ወረቀቱን ሊያተርፍ እጁን ወደ ፍሙ ሰደደ። አንዲት እናት እጁን በጥፊ መታችው። «አንተ! ልጄ ሳይታጠን?»

አስማረ ጎንበስ አለ። በአህዮቹ መካከል ሾልኮ ወጣ። ከዚያ ሮጠ፤ እግሩ እስኪዝል ሮጠ።

እማሆይን በማግስቱ ከዋሻቸው ደጅ አገኛቸው።

«ወረቀቱስ?»

«አቃጠልኩት።»

እማሆይ ተቀመጡ። «ያ ምስኪን! በዝናብ፣ በፀሐይ...» አሉና እንባቸው ወረደ።

«እርስዎ ያውቁት የለ? ይንገሩኝና እንደገና ልጻፈው።»

«እኔ በእጄ ነው የማውቀው፣ ልጄ። በቁጥር ያወጣው እሱ ነው። ቁጥሩ ከእሱ ጋር ሄደ።» ከዚያ ቀና ብለው አዩት። «አንተስ? ወደ ሰዎችህ ትመለሳለህ?»

«ከተመለስኩ እኔን ተከትለው እርስዎን ያገኛሉ።»

በዚያው ጠዋት ተነሥተው ቦታ ቀየሩ። አዲስ አበባ ከሰርዶ የመጣ ደብዳቤ ዳግመኛ አልደረሳትም።

ዓመት አለፈ። እማሆይ በሕይወት አሉ፤ በእስቴ ቆላ ድውይ ይፈውሳሉ። አንድ ጺሙ ያደገ ዝምተኛ ሰው ሥር ይነቅልላቸዋል። አንድ ቀን ጥቅሉን ይዞ በመካነ ኢየሱስ ገበያ ሲያልፍ፣ ከጌሾ ሻጮቹ መካከል አንዲት ሴት ብድግ አለች።

«አስማረ?»

እግሩ ተሳሰረ።

«አስማረ አይደለህም? በሞቴ፣ ወንድሜ አይደለህም?»

በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት አዎ ካለ ወሬው እስከ ማታ ዳኛቸው ጆሮ ይደርሳል። ምላሱን ነከሰ። ደሙን ቀመሰው።

«ተዪው እትዬ አማረች» አለች ጎረቤቷ። «ጊዜዋ ይዟል እኮ። አይናገርም።»

አማረች ጥቅሉን አየች። አፈረች። «ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ የኔን ሰው መስለኸኝ ነው» አለችና መንገዱን ለቀቀችለት።

አለፈ።

ስሟን የጠራው ቤት ደርሶ፣ ጥቅሉን መሬት ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነው።