የወያላው ድምፅ

ሼላ ከተማ ውስጥ የወያላውን የሪጎን ድምፅ የማያውቅ ተሳፋሪ አልነበረም። «ሳን ማርኮስ! ሳን ማርኮስ! ሁለት ሰው የቀረው!» ይላል፤ አውቶቡሱ ባዶውን ቆሞ።

ዶክተር ኒኔት ከእሱ ጋር የተዋወቀችው በዚሁ ውሸት ነው።

«የታሉ ሰዎቹ?» ብላ አፈጠጠችበት።

«አንቺ ገባሽ አይደል? ሞላ በቃ!»

ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ሌላ አውቶቡስ ላይ አልወጣችም።

አባቷ ዶን አንሴልሞ ሲሰሙ ቤቱን ቀወጡት። «ልጄን ያስተማርኳት ለወያላ ነው?» አሉ። ሁለቱም ከእሳቸው ዓይን ተደብቀው ተዋደዱ።

ከዓመታት በኋላ የሪጎ ድምፅ ሻከረ። ኒኔት ታከም ብትለው፣ «የጩኸቱ ነው» እያለ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ትንፋሹ ማፏጨት ሲጀምር እሷ ወደምትሠራበት ሆስፒታል መጣ። ጉሮሮው ውስጥ የበቀለ ዕጢ የአየር መንገዱን ሊዘጋው ትንሽ ቀርቶታል፤ የድምፅ ሣጥኑ ጨርሶ መውጣት አለበት፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ አይኖረውም ተባለ።

በሆስፒታሉ ያለችው የማደንዘዣ ሐኪም ኒኔት ብቻ ነች። አስተኝታው የመተንፈሻ ቱቦው አልገባ ቢል እጇ ላይ ይሞታል። ስለዚህ እንደነቃ፣ ጉሮሮውን ብቻ አደንዝዛ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው መሣሪያ እያየች ልታስገባለት ወሰነች።

«የምትለው ካለ አሁን በለኝ» አለችው።

«አባትሽ ደስ ይበላቸው፤ ከእንግዲህ ወያላ አይደለሁም።»

«ሪጎ፣ በእናትህ!»

«እሺ። እወድሻለሁ። ፈርቻለሁም። በይ ሥራሽን ሥሪ።»

መሣሪያውን በምላሱ ላይ ቀስ አድርጋ አስገባች። ስክሪኑን ዕጢው ሞልቶታል፤ መግቢያው የቱ ጋ እንደሆነ አይለይም።

«ኢ በል።»

«ኢ...»

ከዕጢው ጀርባ ሁለት ነጫጭ የድምፅ ጅማቶች ተገጣጥመው ሲርገበገቡ አየች። መንገዱን አገኘችው። ግን ድምፅ እያወጣ ቱቦ አያልፍም፤ ጅማቶቹ የሚከፈቱት ዝም ብሎ አየር ሲስብ ነው። ዝም በል የምትለው ደግሞ እሷው ነች።

ትንሽ ቆየች። ሪጎም አላቋረጠም፤ የሻከረው ድምፁ ክፍሉን ሞላው። አጠገቧ ያለችው ነርስ ቀና ብላ አየቻት።

«በቃ፣ የኔ ፍቅር» አለች ኒኔት። «አየር ሳብ።»

ዝም አለ። ጅማቶቹ ተከፈቱ፤ ቱቦውን አሳለፈች።

በማደንዘዣው እንቅልፍ እንደወሰደው ነርሷ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ፣ «ገብቷል ዶክተር፤ ይተርፋል እኮ!» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ኒኔት እያለቀሰች። «የመጨረሻ ድምፁን ትንሽ ባስጨርሰው ምን ነበረበት?»