አሥሩ ቢጫ መስመሮች

«በል፣ አስነሳት!» አለች የካንዴላ እናት፣ እጇን ከሞተሩ ላይ እያነሳች።

ተወዳዳሪው ቁልፉን አዞረ። ቀይዋ የውድድር መኪና አንዴ ሳል ነገር አደረጋትና ተነሳች። ነዳጅ ሲሰጣት ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ቱርቦ አፏጨ፤ የጋራዡ ቆርቆሮ ጣሪያ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። በሩ ላይ የተሰበሰቡት የሰፈር ልጆች ጮኹ፣ አጨበጨቡ። ካንዴላ ብቻ እጆቿን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከትታ ቆመች።

ካንዴላ ማለት ሞተር ውስጥ እሳት የምትጭር ትንሽ ዕቃ ናት። ለልጅቷ ስሙን ያወጣላት ተወዳዳሪው ነው፤ ልጅ ሆና ስትቆጣ አይቶ። አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት መልስ ቱታ የምትለብሰው ማንም አስገድዷት ሳይሆን የሞተር ነገር ስለምትወድ ነው።

ተወዳዳሪው የጋራዡ የድሮ ደንበኛ ቢሆንም ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ባለፈው ውድድር ዋዜማ «ቶሎ ጉልበት ይጨመርልኝ» ብሎ መኪናዋን ሌላ ቦታ ወሰዳት። እነሱም የቱርቦውን ግፊት ያለ ልክ ከፍ አደረጉለት። ሞተሩ አልቻለውም፤ መሃል መንገድ ላይ ነጭ ጭስ ተፍቶ ቀረ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ፣ መኪናዋን በገመድ አስጎትቶ ወደ ካንዴላ እናት ተመለሰ። እሷም መጀመሪያ ጠንካራ ፒስተኖችና ሰፋ ያለ ራዲያተር ገጠመችላት፤ ግፊቱን የጨመረችው ከዚያ በኋላ ነው።

«ማፍጠኑንማ ማንም ያፈጥናታል» ብላው ነበር ያኔ። «እኔ የምፈልገው ሮጣ ሮጣ በራሷ እግር ቤቷ እንድትገባ ነው።»

አሁን በሞተሩ ጩኸት መሃል ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ቴስታታውን ያሰረችው ልጄ ናት! እኔ እንኳን አልነካሁትም!»

ተወዳዳሪው አውራ ጣቱን ለካንዴላ አነሳላት። እሷ ግን ዓይኗን ወደ ሞተሩ መለሰች።

ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው፤ በአሥር ብሎኖች ይታሰራል፤ አንዱ እንኳን ከላላ ሞተሩ መንገድ ላይ ይበላሻል። ብሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ ይጠብቃሉ። ለመጨረሻው ዙር ደግሞ ልኩ ሲደርስ «ቀጭ» የሚል ረጅም ቁልፍ አለ። በዚህ ጋራዥ ቀጭ ያለ ብሎን ወዲያው አናቱ ላይ ቢጫ መስመር ይሰመርበታል። ቢጫውን ያየ ሰው ደግሞ አይጠይቅም፤ እናቷም ብትሆን።

ትናንት «ዳይሬክተሩ» ስልኩን ደግኖ መጥቶ ነበር። ዳይሬክተሩ የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ስለሚቀርፅ ነው እንዲህ የሚባለው።

«ቀለሙን አስቀድመሽ ቀቢው፣ በናትሽ! ቪዲዮው ላይ ያምራል» አላት።

አማረም። አሥሩንም ቀባችና ማጥበቅ ጀመረች። መሃል ላይ «ቆይ፣ ፀጉርሽ ፊትሽን ሸፈነው» ሲላት ቁልፉን አስቀምጣ ፀጉሯን አሰረች። ስትመለስ የቱ ጋ እንደነበረች ጠፋባት። ሁሉም ላይ ቢጫ አለ። የኋለኞቹ ሁለቱ ቀጭ ብለዋል ወይስ አላሉም? እያሰበች ሳለ እናቷ ገባች፣ ቢጫውን አየች፣ ፈገግ ብላ ክዳኑን ገጠመችው። ካንዴላም ዝም አለች። ዛሬ ጠዋት ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው፤ ዳይሬክተሩ ያን ጊዜ የቀረፀው ብሎኖቹን ሳይሆን የእሷን አፍንጫ ነው።

«በሉ እንጫናት!» አለ ተወዳዳሪው። የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል። «ዛሬ ልምምድ ላይ ካልደረስኩ ነገ ከሁሉም ኋላ ነው የሚያስነሱኝ።»

ምናልባት ጠብቀዋል። ምናልባትማ ምንም አይሆንም። ካንዴላ እናቷን አየቻት፤ ፊቷ ላይ ጥቁር ዘይት፣ ዘይቱ መሃል ደግሞ ያ ሁሉ ደስታ። ይህን ደስታ ማጥፋት አሳዘናት።

«እማዬ፣ አስጠፊው።»

«ምን አልሽ?»

«ሞተሩ ይጥፋ!»

ተወዳዳሪው ሞተሩን አጠፋው። «ቀለሙን ቀድሜ ቀባሁት» አለች ካንዴላ። «ኋላ ያሉትን ሁለቱን ማጥበቄን እርግጠኛ አይደለሁም። ትናንት መናገር ነበረብኝ።»

ተወዳዳሪው ከመኪናዋ ወጣ። «ሞተሩ እስኪበርድ እኮ ከሰዓት ሊሆን ነው! እትዬ፣ አንቺ እንኳን አንድ ነገር በይ እንጂ።»

እናቷ እጇን በጨርቅ ጠረገች። ከዚያ ልክ እንደቅድሙ፣ በሩ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ እስኪሰሙ ድረስ፣ «ቴስታታውን ያሰረችው ልጄ ናት ብዬሃለሁ። ይከፈት ካለች ይከፈታል» አለች።

የጭነት መኪናው ባዶውን ሄደ። ተወዳዳሪው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ሲያጉረመርም ዋለ። ሞተሩ ሲበርድ ክዳኑ ተነሳ። ካንዴላ ቁልፉን ከኋላ ጥጉ ላይ ባለው ብሎን ላይ ሰክታ ተጫነችው። ብሎኑ ዞረ። ደግሞ ዞረ። ከዚያ ቀጭ አለ።

ተወዳዳሪው ማጉረምረሙን ትቶ ከጎማው ተነሳ። ቢጫው ያለበትን ብሎን አይቶ ራሱን አከከ። ከጎኑ ያለው ሁለተኛው ብሎን ንቅንቅ ሳይል ቀጭ አለ።

«አንዱ ብቻ ነበር» አለች እናቷ በለሆሳስ። «በቃ፣ እንክደነው።»

ካንዴላ ጨርቅ ቤንዚን ነካ አድርጋ አሥሩንም ቢጫ መስመሮች ጠረገቻቸው።

«የቀሩት ስምንቱ እኮ ደህና ናቸው፣ ካንዴላ!» አለ ተወዳዳሪው።

«አውቃለሁ።»

ዳይሬክተሩ ስልኩን ቀስ ብሎ አወጣ። «ልቅረፀው?»

«ቅረፅ። ግን እንዳታናግረኝ።»

የቀለሙን ብሩሽ ለእናቷ ሰጠቻት። «እማዬ፣ ቀጭ ሲል ስትሰሚ አንቺ ቀቢ።»

እናቷ ብሩሹን ተቀብላ አጠገቧ ጎንበስ አለች። ካንዴላ ቁልፉን መሃለኛው ብሎን ላይ ሰካችና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።