ማንያዘው ያመጣው

ሰው ፊት ቆሜ ሁለት ዓረፍተ ነገር መናገር ስለማልችል ነው የምጽፍላችሁ። ፈሪ ነኝ፣ አልክድም፣ ግን የምፈራው ሰው ነበር እንጂ ሌላ ነገር ፈርቼ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ሥነ ሕይወት ነው፣ የዶርም ጓደኛዬ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ "የሰው ጅብ ነው" ብትለኝ ስለ ጅብ ጉሮሮ አስረድቻት አንድ ሳምንት አኩርፋኛለች፣ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነሥቼ የምወጣ ልጅ ነበርኩ። እመኑኝ፣ አሁንም ብችል እወጣ ነበር።

ቤታችን ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው አስፋልት ወርዳችሁ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ተመርቄ ሥራ አጥቼ ከተመለስኩ ጀምሮ የአባዬን ስምንት ከብቶች የማግደው እኔ ነኝ፣ እውነቱን ለመናገር ግን የሚያግዳቸው ውሻችን ማንያዘው ነው። በእኛ አገር ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ከብት አይነዳም፣ እሱ ግን ማንም ሳያስተምረው፣ ገና ቡችላ ሳለ፣ ከበሬ ኋላ ኋላ እየዞረ ሰኮና ሥር መንከስ ጀመረ። ሲሮጥ ውሎ አይደክመውም፣ ዝናብ ይዞን ከብት ያልወጣ ቀን ዶሮዎቹን ሰብስቦ ጥግ ያስይዛቸዋል፣ አባዬ ራሳቸው ከገበያ ሞቅ ብሏቸው ቀስ እያሉ ሲመጡ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሶ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እየዞረ፣ ግቢ ካላስገባቸው አይለቅም። "ተው አንተ፣ ከብት ነኝ ወይ!" ይላሉ እየሳቁ።

ጎረቤታችን አያ ደሴ ባዩን ቁጥር ይቀልዱብኛል። "ትርንጎ፣ ዲግሪው ያንቺ ነው የሱ?" ይሉኛል፣ እኔ አፍሬ መሬት መሬት አያለሁ።

የግቢያችን መግቢያ መዝጊያ የለውም፣ ከብቱ ሲገባ በሁለት ቋሚዎች መካከል አራት አግዳሚ እንጨት እንሰካበታለን። የምንሰካው ደግሞ ማንያዘው ሲፈቅድ ነው፣ ሁሉም መግባቱን ሲያረጋግጥ መግቢያው ላይ ይጋደማል፣ ያኔ አባዬ "ሞላ" ይላሉ፣ እኔ እሰካለሁ። አንድ ቀን ስምንት ቆጥረን ሞላ ብንል አልጋደምም አለ፣ ለካ የአያ ደሴ ጥጃ ተቀላቅሎ ኖሮ የእኛዋ ገደል ሥር ቀርታለች። ከዚያ ወዲህ እሱ ሳይጋደም ሰክተን አናውቅም።

ጳጉሜን ላይ አባዬ ለአረም ቆላ ወርደው ትኩሳት ይዘው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ሰው መለየት አቃታቸው፣ የሰፈሩ ሰው በቃሬዛ እስከ አስፋልት ተሸከማቸው፣ እማዬ አብራቸው ፍኖተ ሰላም ሄደች፣ እኔ ከከብቱ ጋር ቀረሁ። ኔትወርክ ጠፍቶ ስለነበር በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የማውቅበት መንገድ አልነበረም። ላሚቱን እያለብኩ አለቅሳለሁ፣ ወተቱን የሚጠጣው ሰው እንደሌለ ትዝ ሲለኝ ደግሞ እንደገና አለቅሳለሁ።

በሄዱ በአራተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ግድም፣ ከኮረብታው ላይ ጉም ወረደና ከብቱን ቶሎ አስገባን። ቆጠርኩ፣ ስምንት። በትክክል የእኛዎቹ መሆናቸውን አንድ በአንድ ጀርባቸውን እየነካሁ አየሁ። ማንያዘው ግን አልተጋደመም፣ ዙሪያቸውን አንድ ጊዜ ዞረና ተመልሶ ጉሙ ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፣ ያ ሲነዳ የሚያሰማው አጭር አጭር ጩኸት፣ ከሩቅ፣ ከኮረብታው ወገብ። በግራ ጮኸ፣ ቆየና በቀኝ ጮኸ። የሆነ ነገር እየነዳ ነው፣ ግን በከብት እርምጃ አልነበረም፣ በጣም ቀስ ያለ ነበር። እየቀረበ ሲመጣ እርጥብ ሣር ላይ እሱ የሚሮጠው ይሰማኛል፣ በሩጫው መካከል ደግሞ ሌላ፣ እየተጎተተ የሚራመድ። ስምንቱም ከብቶች ማኘካቸውን አቁመው ወደ መግቢያው ዞሩ። ከዚያ ከጉሙ ወጣ፣ ብቻውን። የኋሊት እየሄደ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አየር ነክሶ ይጎትት ነበር። ባዶ አየር። ስለ እውነት እነግራችኋለሁ፣ ጥርሱ መካከል ጨርቅ ሲወጠር ሰምቻለሁ።

"ማነው?" አልኩ። ማንያዘው ጎተተ፣ አየኝ፣ ደግሞ ጎተተ፣ ከመግቢያው ሦስት እርምጃ ቢቀረው ነው።

እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? "ሞላ! ሞላ!" ብዬ ጮኼ አራቱንም እንጨት ሰካኋቸው። ውሻው ውጭ ቀረ። እንጨቱን በጥፍሩ ሲቧጭር ሰማሁት፣ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ዘነበ፣ እሱም ሌሊቱን ሙሉ ዞረ። ጠዋት ስወጣ ከመግቢያው ውጭ በእግሩ ያቦካው ጭቃ ክብ ሠርቷል፣ መሐሉ ላይ፣ ሰው በሚቆምበት ስፋት፣ ሣሩ ደረቅ ነበር።

በዚያው ቀን፣ ኔትወርክ ሲመለስ፣ በአያ ደሴ ስልክ፣ ኮረብታው ላይ ወጥተን፣ እማዬን አገኘኋት።

"መለሰልን ልጄ! ትናንት ዐሥር ሰዓት ላይ ትንፋሹ ቀጥ ብሎ በቃ ብለውኝ ነበር። ከዚያ በፊት እኮ እግሩን እየሰበሰበ 'ተው ማንያዘው፣ እገባለሁ፣ ተው' ሲል ነበር። ኋላ ሲመሽ ተነፈሰ።"

ስልኩን ለአያ ደሴ መለስኩላቸው።

አባዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጡ። ያጎረሷቸውን ይበላሉ፣ የመሯቸው ቦታ ይሄዳሉ፣ ያስቀመጧቸው መደብ ላይ ይቀመጣሉ፣ ቃል አይወጣቸውም። ወባ አንጎል ሲነካ እንዲህ እንደሚያደርግ ሐኪሙም ለእማዬ ነግሯታል፣ እኔም ተምሬዋለሁ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለራሴ እደግመዋለሁ። ማንያዘው ግን ወደ አባዬ መጥቶ እግራቸውን አሸተተና እንደ ማንኛውም እንግዳ ትቷቸው ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከብቱን አስገብቶ አይጋደምም፣ ወደ ኮረብታው ይመለሳል። እኔም እማዬ እንዳትሰማኝ መግቢያው ላይ ቆሜ፣ እስኪጨልም፣ ለባዶው መንገድ "አባዬ፣ ይግቡ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ይግቡ" እላለሁ። የተማርኩት ሰው።

በጥቅምት መጨረሻ ጉሙ ተመለሰ። አጭር አጭሩን ጩኸት ስሰማ አራቱንም እንጨት ነቅዬ ወረወርኩ። ከብቶቹ ማንም ሳይነካቸው ለሁለት ተከፍለው መንገድ ለቀቁ። ማንያዘው አጥንቱ ወጥቷል፣ አየር ነክሶ እየጎተተ እዚያው ቦታ ደረሰ፣ ሁለት እርምጃ፣ አንድ እርምጃ።

"አባዬ፣ ይግቡ" አልኩ።

"ዝጊው!" አለ ከኋላዬ ድምፅ።

ዞርኩ። አባዬ መደቡ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ያዩኛል። ድምፁ የሳቸው ነው፣ ማዪ ብትሉኝ እምላለሁ።

እማዬ ከጓዳ እልል እያለች ወጣች። "ተናገረ! እመቤቴ፣ ተናገረልኝ! ዝጊው ይልሻል አባትሽ፣ ምን አፍጥጠሽ ትቆሚያለሽ?" እያለቀሰች፣ እየሳቀች፣ እንጨቶቹን ከመሬት እያነሣች በእጄ ሰጠችኝ።

ሰካኋቸው። አዎ፣ ለሁለተኛ ጊዜ። የእናቴን ፊት ብታዩት እናንተም ትሰኩ ነበር።

አሁን አባዬ ይናገራሉ፣ ውኃ ይጠይቃሉ፣ በሬዎቹን በስማቸው ይጠራሉ፣ ሰው ሁሉ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ ይለናል። ፊታቸውን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል። ማንያዘው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተመለሰም።

ትናንት አያ ደሴ ሊጠይቁን መጥተው አነሡት። "ያን ውሻችሁን ከኮረብታው ጀርባ አየሁት እኮ። ዳቦ ብወረውርለት ዞሮም አላየኝ፣ አንድ የተኛ ሰው እንደሚጠብቅ ሁሉ ቁጭ ብሏል፣ ከጎኑ ሣሩ ተጋድሟል፣ ሰው ግን የለም።"

አባዬ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። "የት ጋ ነው ያየኸው?" አሉ። አያ ደሴ በዝርዝር ነገሯቸው፣ በየትኛው ዛፍ በኩል፣ ከየትኛው ድንጋይ ሥር።

ዛሬ ጠዋት ስነሣ መደቡ ባዶ ነው፣ ከበሩ ጀርባ የሚቆመው ዱላቸውም የለም። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ይሆናል ትላለች። እኔ ይህን በስልኬ የምጽፍላችሁ መግቢያው ላይ ቆሜ ነው፣ ጉሙ አልተነሣም፣ ቅድም ከኮረብታው ጀርባ ማንያዘው ሲጮኽ ሰምቼ ነበር፣ አጭር አጭሩን አልነበረም፣ አንድ ረጅም ጩኸት፣ ከዚያ ዝም። አሁን አንድ ሰው እየወረደ ነው። እርምጃው ይሰማኛል፣ በዙሪያው የሚሮጥ ግን የለም።