ያልገባው ምስማር

ምስማሩ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ነበር። እናትየው ለትልቁ ልጇ ቁርሱን ይዛ ወደ ጋራዡ ግቢ ስትገባ አይታዋለች። ያየችው ምን እንደሆነ የገባት ግን ፍንዳታው የቤቷን ግድግዳ ካንቀጠቀጠው በኋላ ነው።

ቤታቸው ከጋራዡ ጋር አጥር ይጋራል። ትልቁ ልጅ ጎሚስታ ነበር። ሰሞኑን ሥራው ከወታደር መኪኖች የወረዱ አሮጌ ጎማዎችን ከቸርኬያቸው ማላቀቅ ነበር። ጎማዎቹ ለዓመታት ቆመው በዝገት ከብረቱ ጋር ተጣብቀዋል። ማታ ማታ አየሩን ያስወጣል፤ አየር የምትይዘውን ትንሽ መርፌ ከቫልቩ ይነቅላል፤ በባዶው ቀዳዳ ምስማር ይሰካል፤ ጠርዙ ላይ ናፍጣ አፍስሶ ያሳድረዋል። ጠዋት ምስማር ያየበትን ጎማ ባዶ ነው ብሎ ያምናል፤ ጎማውን ከቸርኬው ጋር የያዘውን የብረት ቀለበት በመዶሻ ይመታል። ያን ዕለት ቀለበቱ ተፈናጥሮ ደረቱን መታው።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ሸራ ለብሶ ነበር። አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ሸራውን ገልጣ አየችና መልሳ ሸፈነችው፤ ከዚያ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ባለጋራዡ። «ቶሎ ጨርስ፣ ቶሎ ጨርስ እያልኩ ነዘነዝኩት።»

«መርፌዋ ቦታዋ ላይ ናት» አለች መርማሪዋ። «አየር ነበረበት ማለት ነው። ሌሎቹ ላይ ግን ምስማር አያለሁ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም የግቢው በያጅ ነው። ዓይኑ ቀልቷል። «ምስማር የሌለበትን አይነካም» አላት። «እነዚህ ጎማዎች ድርቅ ያሉ ናቸው፤ ባዶም ይሁኑ ሙሉ፣ ቢረግጧቸው አንድ ናቸው። ወንድሜ የሚያምነው ምስማሩን ብቻ ነው።»

«ታዲያ የዚህኛው የት ሄደ?»

ግቢው ውስጥ የሚያድር የጭነት መኪና ሹፌር ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔን እንኳን ይተዉኝ፤ የጎማ ሥራ አልችልም፤ ጎማ ሲተነፍስብኝ ሚስቴን ነው የምጣራው» አለ። የሳቀለት ሰው አልነበረም።

መርማሪዋ ባለጋራዡን ለብቻው ወሰደችው።

«ትናንት ማታ ግቢው ውስጥ ማን ነበር?»

«እኔና ሹፌሩ። እሱ መኪናው ውስጥ፣ እኔ ቢሮዬ። ከሚስቴ ጋር ተኳርፈናል።»

«ጎማ የሚሞላው ኮምፕረሰር ሲነሳ ሰምተዋል?»

«የሚለየን ቆርቆሮ ነው እኮ! ቢነሳ ሬሳ ይቀሰቅ...» አፉን በእጁ ያዘ። «አልተነሳም። ጠዋት የሰማሁት የሹፌሩን መኪና ብቻ ነው። በሩን ዘግቶብኝ ነበርና ዞር አድርግልኝ አልኩት፤ ፍሬኑን የሚያላቅቅለት አየር አልቆበት፣ እስኪሞላ ሲያጓራ ቆየ።»

«አሮጌ መኪና ነው፤ ሌሊቱን አየር ያፈሳል» አለ ሹፌሩ ከሩቅ።

መርማሪዋ መኪናውን ዞራ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየች። ከዚያ በያጁን ጠራችው።

«ከወንድምህ ጋር ትናንት ተጣልታችኋል አሉኝ።»

«ከሹፌሩ ጋር ረዳት ሆኜ ልሄድ ነበር። አትሄድም አለኝ። ለምን ስለው አይናገርም። አንተ ካልሞትክ እኔ ሰው አልሆንም አልኩት። ይሄን ነው ያልኩት። የመጨረሻ ቃሌ ይሄ ነው።»

እናትየው ትናንት በአጥሩ በኩል ይህን ቃል ሰምታዋለች። መርማሪዋ ቤቷ ስትገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ቀኝ እጇን ጨብጣ ነበር።

«እጅዎ ላይ ዝገት አለ፣ እናቴ።»

«ድስት ሳጥብ ነው።»

«ምስማሩን ይስጡኝ።»

«ከሰጠሁሽ የቀረኝን ትወስጅብኛለሽ።»

«ካልሰጡኝ ደግሞ ልጅዎን ባዩት ቁጥር በልብዎ ይጠይቁታል። እሱም ይሰማዋል።»

እናትየው ጣቶቿን ዘረጋች። «ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ነበር» አለች። «አየሁት። ታናሹን እንዳይሄድ ለምን ያዝክብኝ ብዬ አኩርፌው ስለነበር ሳህኑን አስቀምጬ ዝም ብዬ ወጣሁ። ሲፈነዳ ስሮጥ መጣሁ፤ ልጄን ከማንሳቴ በፊት የወደቀውን ምስማር አነሳሁ። ምን ዓይነት እናት ነኝ?»

ፀሐይ ሳትጠልቅ መርማሪዋ ሁሉንም በጎማው ዙሪያ ሰበሰበች። ምስማሩን ባዶ ቫልቭ ውስጥ ከተተችው፤ እስከ አናቱ ገባ። መርፌዋ ያለችበት ቫልቭ ውስጥ ስትከተው ግን ግማሹ ውጭ ቀረ።

«አንድ ሰው ሌሊት መርፌዋን መልሶ ጎማውን ሞላው፤ ባዶ እንዲመስልም ምስማሩን ሰካበት» አለች። «ምልክቱን ያውቃል፤ ሥራውን ግን አያውቅም። በያጁ ከወንድሙ ጋር ዓመታት ሠርቷል፤ እሱ ቢሆን ምስማሩን ቆርጦ ያሳጥረው ነበር።»

«ግምት ነው» አለ ሹፌሩ።

«ልክ ነው፣ ግምት ነው። አየሩ ግን ግምት አይደለም። ኮምፕረሰሩ አልተነሳም። በግቢው ውስጥ ሌላ የታመቀ አየር ያለው የእርስዎ መኪና ብቻ ነው።»

«ያፈሳል አልኩ እኮ!»

«ጠዋት ሞልተው አጠፉት፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። ባለጋራዡ፣ እስኪ ጋቢናው ላይ ወጥተው የአየር መለኪያውን ይዩልኝ።»

ባለጋራዡ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ቆየ። ብቅ ሲል ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። «ሙሉ ነው» አለ። «ከመቀመጫው ሥር ደግሞ ጎማ መሙያ ቱቦ አለ።»

«ቀኑን ሙሉ ያላፈሰሰ መኪና ትናንት ሌሊት ምን ነካው?» አለች መርማሪዋ። «አሁን ደግሞ የኋላ ጎማዎቹን ይመልከቱ። በጋለ ብረት የተተኮሰው ምልክት የማን ነው?»

ባለጋራዡ ጎንበስ አለ። «የኔ! አዲሶቹ ጎማዎቼ! መጋዘን ውስጥ ናቸው ብዬ...»

«መጋዘንዎን አይቻለሁ፤ ውስጡ ያሉት የእሱ አሮጌዎች ናቸው። ጎሚስታው ይህን ደርሶበታል።»

«ለዚህ ነው አትሄድም ያለኝ?» አለ በያጁ።

ሹፌሩ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ለባለጋራዡ ራስህ ንገረው፣ ካልነገርከው ነገ እነግረዋለሁ አለኝ። እጁን ቢሰብረው፣ ጥቂት ቀን ቢተኛ ብዬ ነበር። ጠዋት መዶሻውን ሲያነሳ አየሁት። ልጮህ አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት።»

እናትየው ልትረግመው ወደ እሱ ዞረች። ዝም ብላ የወጣችው ትዝ አላትና ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ ቀረ።

ሲመሽ እናትና ልጅ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ሁልጊዜ መጨረሻ ገብቶ በሩን የሚቆልፈው ትልቁ ነበር። የመቀርቀሪያውን ድምፅ ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም። አሁን ሁለቱም በሩን ያያሉ፤ የሚነሳ ግን የለም።

«እማዬ» አለ ታናሹ። «እኔ የገደልኩት መስሎሽ ነበር አይደል?»

ልትዋሸው ፈለገች። «አዎ» አለችው።

«እኔም ያን ቃል ካወጣሁ ወዲህ፣ እኔ ነኝ እያልኩ ነው የዋልኩት።»

ሊቆልፍ ሲነሳ «ተው፣ እኔ ልዝጋው» አለችው። ወደ ውጭ አንገቷን አውጥታ ጨለማውን አየች፤ ትንሽ ቆየች። ከዚያ በሩን ዘግታ መቀርቀሪያውን ገፋችው። እስከ መጨረሻው መግባቱን በጣቷ ዳሰሰች፤ ደግማ ዳሰሰች፤ ቁልፉን አዞረችው።