በፎቶው ውስጥ ያለችው ትንሿ ፎቶ

ይህን የነገረኝ ሰው ዛሬም በሕይወት አለ። ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት። ቀኑም፣ ሰዓቱም፣ ቦታውም እሱ እንደነገረኝ ነው። ማመን አለማመን የናንተ ፋንታ ነው።

ኅዳር 2 ቀን 1991 ዓ.ም.። ረቡዕ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት።

ቦታው ካምፓላ ነው። ከናካሴሮ ገበያ ወደ ላይ ሲወጣ የሚገኝ አሮጌ ባለ አንድ ፎቅ ቤት።

ቤቱ በጦርነት ከወላጆቻቸው የተለዩ ልጆችን ቤተሰብ የሚያፈላልግ ድርጅት ቢሮ ነበር። ልጆቹ ከኮንጎ፣ ከሩዋንዳ፣ ከሱዳን የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ጓሮ ካለው ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሞ ፎቶ ይነሣል። ፎቶው ወደየካምፑ ይላካል። የሚያውቀው ሰው እንዳለ ይጠየቃል።

ባምላክ የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ዝምተኛ፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ።

እሱም የሚፈልገው ሰው ነበረው።

ሚስቱ አክበረት የሰንዓፈ ልጅ ናት። በሚያዝያ ወር እናቷ ታመሙ ተብሎ ሄደች። ሦስት ሳምንት ቆይታ ልትመለስ ነበር። በግንቦት የድንበሩ ጦርነት ተነሣ። አስመራ ያለ አጎቷ በስልክ ሲጠየቅ፣ ወደ እናቷ መንደር እንደሄደች፣ ከዚያ በኋላ መንገዱ እንደተዘጋ ነገረው። ሌላ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ሰባት ወር ሆነ።

የስድስት ዓመት ልጃቸው ዳግማዊት በየማታው ትጠይቀዋለች። እሱም በየማታው ያንኑ ይመልሳል። «መንገዱ ሲከፈት ትመጣለች።»

ወደዚያ ረቡዕ ልመልሳችሁ።

በዚያ ዓመት ድርጅቱ ፊልም የማይፈልግ ዲጂታል ካሜራ ገዝቶ ነበር። እንዲህ ያለው ካሜራ ምስሉን ብቻ አይደለም የሚያስቀምጠው። በዚያው ፋይል ውስጥ ስለ ምስሉ የሚናገር መረጃ አብሮ ይጽፋል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የካሜራውን ስም። በዓይን አይታይም። የሚያነብ ፕሮግራም ይፈልጋል።

ባምላክ ያንን የሚያነብ ላይብረሪ ነበር የሚጽፈው፤ ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ። መረጃው በዝርዝር የተደረደረ ነው። እያንዳንዱ መስመር አራት ነገር ይይዛል፦ መለያ ቁጥር፣ የመረጃው ዓይነት፣ ብዛቱ፣ እና መረጃው በፋይሉ ውስጥ የተቀመጠበት ቦታ። ከዝርዝሩ መጨረሻ ደግሞ አንድ ቁጥር አለ። ዜሮ ከሆነ አበቃ ማለት ነው።

ዜሮ ካልሆነ... ሌላ ዝርዝር አለ።

ባምላክ እስከዚያ ቀን የመጀመሪያውን ብቻ ያነብ ነበር። የሚፈልገው ቀንና ሰዓት እዚያ ስላለ ይበቃው ነበር። ያን ዕለት ሥራውን ለመጨረስ ቁጥሩን ተከተለና ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ገባ።

ሁለተኛው ዝርዝር የሚመራው ወደ አንዲት ትንሽ ፎቶ ነው። ካሜራው ትልቁን ሲያነሣ በዚያው ቅጽበት አሳንሶ የሚያስቀምጣት፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል ቅጂ።

ቅጂ ናት። ትልቁ ላይ የሌለ ነገር ሊኖርባት አይችልም።

የመጀመሪያዋን አወጣ። ትልቁ ፎቶ ላይ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች የአራት ዓመት ልጅ ብቻዋን ቆማለች።

ትንሿ ላይም ያችው ልጅ ናት። ያው ቀሚስ። ያው ግድግዳ።

ከኋላዋ ግን አንዲት ሴት ቆማለች።

ባምላክ አልደነገጠም። የኮድ ስህተት ነው አለ። የሌላ ፎቶ ቅጂ ነው ያነበብኩት ብሎ ቦታውን በእጁ እየቆጠረ ፈተሸ። ልክ ነበር። እንደገና ቆጠረ። አሁንም ልክ ነበር።

ሴትዮዋ እጇን ወደ ልጅቷ ትከሻ ዘርግታለች። ትከሻውን ግን አልነካችውም... ጣት በምታህል ክፍተት ቀርቷል።

ወደ ፎቶ አንሺው ወርዶ ልጅቷን ስታነሣ ከኋላዋ ማን ነበር ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው ሳቀ። ግድግዳው ጋ ማንንም እንደማያስቆም ነገረው። ከዚያ ግን አንድ ነገር ጨመረ። አንዳንዶቹ ልጆች መሃል ላይ ቁሙ ሲባሉ እሺ እንደማይሉት፣ ሁልጊዜ ትንሽ ወደ ጎን ፈቀቅ እንደሚሉ።

«ለሰው ቦታ እንደሚለቅ ሰው» አለ።

ባምላክ ሲመለስ ሙህሲና ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማ አገኛት። የድሬዳዋ ልጅ ናት። ቤተሰብ የማፈላለጉን ሥራ የምትመራው እሷ ነበረች። እያየች ያለችው ስክሪኑን ነው።

«ይቺን ሴት ከየት አመጣሃት?» አለችው ቀስ ብላ።

«ታውቂያታለሽ?»

ወደ ክፍሏ ሄዳ አንድ ፖስታ ይዛ መጣች። ያን ጠዋት ከኮንጎዋ የጎማ ከተማ የደረሰ ነው። ውስጡ የአንዲት ሴት መታወቂያ ፎቶ ነበር። ከሥሩ በፈረንሳይኛ ሁለት መስመር ተጽፏል። የልጅቷ እናት ናት፤ በመስከረም ሞታለች።

ያችው ሴት ነበረች።

ውጭ ዝናብ ጀምሮ ነበር።

በማግስቱ አብረው ተቀመጡና ሁሉንም አወጡ። መቶ አርባ ሁለት ፎቶ። በሠላሳ አንዱ ውስጥ ሴት አለች። አንዳንዷ ቆማለች፤ አንዳንዷ ተንበርክካለች። አንዷ ጀርባዋን ሰጥታ ግድግዳውን ታያለች። ሙህሲና መዝገቧን አምጥታ አመሳከረች። ከሠላሳ አንዱ የዘጠኙ ልጆች እናቶች መሞታቸው ተረጋግጧል። የቀሩት ገና አልታወቀም። በሕይወት የተገኙት እናቶች ግን፣ ስድስቱም... የልጆቻቸው ትንሽ ፎቶ ከኋላው ባዶ ነበር።

ሙህሲና መዝገቡን ዘጋች።

«ለማንም አትናገር» አለችው። «እኔ ልጆቹን እናታችሁን እየፈለግን ነው ነው የምላቸው። ይህን ካየሁ በኋላ እንዴት አድርጌ ዓይናቸውን አያለሁ?»

ባምላክ ራሱን ነቀነቀ። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ባዶ ከሆነ በሕይወት አለች ማለት ነው... ይህችው ሐሳብ ሌሊትም ቀንም አለቀቀችውም።

ኅዳር 19፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ዳግማዊትን ይዟት ወደ ቢሮ መጣ። ማንም አልነበረም። ካሜራውን አወጣ። ልጅቷን ነጩ ግድግዳ ፊት አቆማት። ፀሐይ ነበር። ከገበያው በኩል የሻጮች ድምፅ ይሰማል።

«መሃል ላይ ቁሚ፣ ዳጊዬ።»

ዳግማዊት መሃል ላይ ቆመች። ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሲያስጠጋ...

አንድ እርምጃ ወደ ግራ አለች።

ባምላክ መሃል ግቢ አላላትም። የካሜራውን ቁልፍ ተጫነው።

ከዚያ ለምን ፈቀቅ እንዳለች ጠየቃት። ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች። «ጠበበኝ» አለች።

ፎቶውን በፍሎፒ ዲስክ ገልብጦ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ዘጠኝ ቀን አልነካውም። ጠዋት ቢሮ ሲገባ መሳቢያውን ያየዋል። ማታ ሲወጣ ያየዋል። ካልከፈትኩት ምንም አልሆነም ይላል ለራሱ። ሙህሲና የሆነ ነገር ገብቷት ነበር፤ አልጠየቀችውም። ሻይ ታስቀምጥለትና ትሄዳለች።

በአሥረኛው ቀን፣ ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ ከፈተው።

አክበረት ነበረች።

ለብሳው የሄደችው ሰማያዊ ሹራብ፣ ከላይ ነጠላ። ከዳግማዊት በስተቀኝ፣ ልጅቷ በለቀቀችላት ቦታ ቆማለች። ሌሎቹ ሴቶች አብዛኞቹ ልጃቸውን ነው የሚያዩት። አክበረት ግን ዳግማዊትን አታይም። አቀርቅራለች። ነጠላዋ ከደረቷ ላይ ተከፍቷል...

በእቅፏ ሕፃን አለ። በጣም ትንሽ፣ ገና የተወለደ።

ባምላክ ይህን ሲነግረኝ ያለው አንድ ነገር አይረሳኝም። ከሞቷ ይልቅ ሕፃኑ ነው ያንበረከከኝ አለ። ማርገዟን አላውቅም ነበር፣ አለኝ።

ከቢሮ በቀጥታ ወደ ካባላጋላ ሰፈር፣ ወደ ወይዘሮ የሺሀረግ ሄደ። እዚያ ትንሽ የሐበሻ ምግብ ቤት አላቸው። ዳግማዊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱ እስኪመጣ የምትውለው እሳቸው ጋ ነው። ለአክበረት እንደ እናት ነበሩ። ሽንኩርት እየከተፉ አገኛቸው።

«እትዬ የሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አክበረት ስትሄድ... ነፍሰ ጡር ነበረች?»

ቢላዋው ቆመ።

«ማን ነገረህ?»

ምን ይበላቸው?

ወይዘሮ የሺሀረግ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ተቀመጡ። የሁለት ወር እንደነበረች፣ ከመንገድ ስትመለስ ራሷ ልታበስረው ፈልጋ አደራ እንዳለቻቸው ነገሩት። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ ነግረውት ጭንቀቱን እጥፍ ማድረግ እንደፈሩ። ቀና ብለው ፊቱን አዩት፤ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ... ምን ሰማህ?»

«ምንም አልሰማሁም» አለ። እውነቱን ነበር። ምንም አልሰማም።

ለቅሶ መቀመጥ አይችልም። መርዶ አልመጣም። ሞተች ቢል ማን ነገረህ ይባላል። ልጁን እናትሽ አትመጣም ሊላት አይችልም፤ ትመጣለች ማለትም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሆነለትም። ዳግማዊት ስትጠይቀው ወደ ደረቱ ያስጠጋትና ፀጉሯን ይዳብሳል። እሷም ቆይታ መጠየቋን ተወች።

ወይዘሮ የሺሀረግ በማግስቱ ምግብ ቤቱን አልከፈቱም። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገሩም። ጥቁር ለብሰው በሩ ላይ ተቀምጠው ዋሉ።

ባምላክ ላይብረሪውን አስተካከለ። የመጀመሪያውን ዝርዝር አንብቦ እንዲቆም፣ ቁጥሩ ዜሮ ይሁን አይሁን ከዚያ እንዳያልፍ አደረገው። አለቆቹ ቀንና ሰዓቱን በትክክል ስለሚያወጣላቸው ደስ አላቸው። ሙህሲናም ፍለጋዋን ቀጠለች። የሠላሳ አንዱንም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ደብዳቤ መጣ። ብዙ እጅ ዞሮ፣ ጫፉ ተበልቶ። የአክበረት እናት ያጻፉት ነው።

ከመንደራቸው ሸሽተው ድንኳን ውስጥ እንደነበሩ ይላል። አክበረት በኅዳር ሚካኤል ዕለት ሴት ልጅ ተገላገለች። ደሟ አልቆም ብሎ በማግስቱ ዐረፈች። እዚያው ካለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ቀበሯት።

ሕፃኗም እንደ እናቷ ልትሄድ ነበር። አትጠባም፣ አታለቅስም። ከአሁን አሁን ትሞታለች ብለው ጠቅልለው አስተኝተዋት ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲያ ሆና ቆየች። በታኅሣሥ 3፣ በበዓታ ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ ጮኸች። የፍየል ወተት ሰጧት፤ ጠጣች። አሁን ደኅና ናት። ስም አላወጣንላትም፣ አባቷ ያውጣላት፣ ይላል ደብዳቤው።

ባምላክ ደብዳቤውን አንብቦ ጨረሰ። አለቀሰ። ያን ሁሉ ጊዜ ያላለቀሰውን አለቀሰ። ሙህሲና በሩን ዘግታ ውጭ ቆመችለት።

ሲበርድለት ቀኖቹን ቆጠረ። ፎቶውን ያነሣው ኅዳር 19 ነው። የከፈተው ኅዳር 28። ሕፃኗ የጮኸችው ታኅሣሥ 3...

መሳቢያውን ከፈተ። ዲስኩን አወጣ። የሚያነብበት ፕሮግራም ስለሌለ ያጠፋውን ኮድ እንደገና ጻፈው። አንድ ሰዓት ፈጀበት።

የመጀመሪያው ዝርዝር ያው ነው። ቀኑ ያው፣ ሰዓቱ ያው። የፋይሉ መጠን በአንድ ባይት እንኳ አልተለወጠም። ከኅዳር 19 ወዲህ ማንም እንዳልነካው ያሳያል።

ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ገባ። ትንሿን ፎቶ አወጣት።

ዳግማዊት እንደቆመች ናት።

አክበረትም እዚያው ናት። ነጠላዋ እንደተከፈተ ነው። ክንዶቿም ሕፃን እንዳቀፈ ሰው እንደታጠፉ ናቸው... በመሃላቸው ግን ምንም የለም።

አቀርቅሮ የነበረው ፊቷ ቀና ብሏል፤ በቀጥታ ወደ እሱ ታያለች።