ሰባተኛው ዘፈን

ሰው የከዳውን ሰው ዘፈን ስለ ምን ደጋግሞ ይሰማል? ብርነሽ ሰባተኛውን ዘፈን በከፈተች ቁጥር ራሷን የምትጠይቀው ይህንን ነው።

ስድስት ዓመት ፖላንድ ተምራ ጎንደር የገባች ዕለት ዘመድ ሁሉ እየሳቀ ተቀበላት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግን መርዶ ነጋሪዎች አልጋዋን ከበቡ። ወንድሟ ማሩ ከሞተ ሰባት ወር አልፎታል። በሰው አገር ብቻዋን እንዳትሰማው ብለው ነው የደበቋት፤ ደንቡ ነው። እሷ ግን በየሳምንቱ ስትደውል «ማሩ ደህና ነው» ያሏትን ድምፆች ሁሉ ከዚያ ወዲያ ማመን አቃታት።

አንዱዓለምን ያወቀችው በዚያው ሰሞን ነው። አዘዞ፣ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሚጮኽበት «ጭንጫ» የሚባል የፓንክ ሮክ ባንድ ነበረው። ፒያሳ አንድ ካፌ በር ላይ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ባለቤቱ «ማሲንቆ የሌለው ደግሞ ምን ባንድ ነው?» ብለው አሾፉበት። ብርነሽ ሳቀች። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበር።

«ሳቂ» አላት ዞሮ። «የአልበማችን ስም ‹ማሲንቆ አትጠይቁን› ነው።»

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሶዬ ገደል አፋፍ ይወጡ ጀመር። እሱ የነፋሱን ድምፅ በስልኩ ይቀዳል፤ እሷ እሱን ታያለች። አንድ ከሰዓት ስለ ማሩ ጠየቃት። ለቅሶ በሌለበት ሙሾ አይወጣም፤ እሷ ግን እናቷ በመርዶው ዕለት ያሉትን በለሆሳስ አለችለት፦

እህትህ መጣችልህ ባሕሩን ተሻግራ፣
ምነው ዝም አልካትሳ ስምህን ስትጠራ።



«አንተ ብቻ ምንም አትደብቀኝ» አለችው ስትጨርስ።

«አልደብቅሽም» አላት፤ እጇን ይዞ።

አልበሙ የወጣ ቀን ብርነሽ ያው ካፌ ገብታ፣ ማዳመጫዋን ሰክታ፣ ስለ እያንዳንዱ ዘፈን በቴሌግራም ገጿ ልትጽፍ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ከበሮ በቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው ብላ ጻፈች። በሦስተኛው ጊታሩ ቅኝቱን ስቷል፤ ሳያርሙት መተዋቸውን ወደደችላቸው። ስድስተኛውን ሰምታ «እነዚህ ልጆች መዋሸት አያውቁም» ብላ ጨመረች።

ሰባተኛው በነፋስ ጀመረ። ቀጥሎ የራሷ ድምፅ መጣ፤ «እህትህ መጣችልህ» እያለ። ከዚያ ከበሮው ፈነዳ፤ አንዱዓለም ያንኑ ሙሾ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ጮኸው። ከሁሉም የሚበልጠው ዘፈን እሱ ነበር።

ባጃጅ ይዛ አዘዞ ወረደች። ገና ሲያያት ፈገግ አለ።

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ድንገት ሰምተሽ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነዋ።»

«ቤተሰቦቼም ለእኔው ብለው ነበር የደበቁኝ። አውጣው።»

አቀርቅሮ የጊታሩን ክር ነካካ። ያለዚያ ዘፈን አልበሙ ባዶ እንደሆነ፣ ጓደኞቹም እንደማይስማሙ ነገራት። ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«እውነቱን ንገሪኝ ብርነሽ፤ ከሁሉም እሱን አልወደድሽም?»

አልወደድኩም ብላ መዋሸት አልፈለገችም። ጀርባዋን ሰጥታው ሄደች።

እናቷ እማማ አየለች ዘፈኑን ከሰው አፍ ሳይሰሙት እሷው ልታሰማቸው፣ ብርነሽ እሳቸው ወደሚኖሩበት መካነ ብርሃን ወጣች። በመንገዱ ሁሉ እርግማናቸውን ስትፈራ ነበር። እናቷ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው እስከ ዳር ሰሙት። የብርነሽን ድምፅ ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ጩኸቱ ሲመጣ ገለጡት። አልተቆጡም።

«ምስኪን» አሉ። «ይኸ ልጅ ማን ሞቶበት ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

ብርነሽ ስልኩን ተቀበለቻቸው። ወደ ደጅ ወጥታ፣ ኔትወርክ የሚይዝበት ጉብታ ላይ ቆማ ለአንዱዓለም ጻፈችለት።

«እናቴ ማን እንደሞተብህ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?»

መልእክቱን ማንበቡን ስልኩ ወዲያው አሳያት። ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ መልስ አልመጣም።